«ኦኬ» ከየት መጣች?

ደብረ ብርሃን ውርጭ ባለበት ጠዋት ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ስልክ የሚያወራው «ኦኬ»፣ አስተናጋጇ «ኦኬ»፣ እንግሊዝኛ ያልተማሩ እናቶችም «ኦኬ»። ስለ አመጣጧ ተማሪዎቼ የሚነግሩኝ ግን አብዛኛው ልክ አይደለም።

«ከጦርነት ነው የመጣችው።»

ከሁሉ የተስፋፋው ይሄ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሰው ያልሞተ ቀን «ዜሮ ሙት» ለማለት ኦ የምትመስለው ዜሮና ኬ (የእንግሊዝኛው «ኪልድ»፣ ማለትም የተገደለ፣ መጀመሪያ ፊደል) ይጻፍ ነበር ይባላል። ጦርነቱ የተጀመረው ግን በ1861 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኦኬ ደግሞ ማርች 23 ቀን 1839 ቦስተን ውስጥ ጋዜጣ ላይ ወጥታለች። ጦርነቱን በ22 ዓመት ትቀድመዋለች!

«ከፕሬዚዳንት ቅጽል ስም ነው።»

ይሄ ግማሽ እውነት አለው። የቦስተን ጋዜጠኞች ያኔ ቃላትን ሆን ብለው እያሳሳቱ በምህጻረ ቃል መጻፍ ይወዱ ነበር። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉም ልክ ነው»፣ በትክክል ሲጻፍ በኤ እና በሲ ይጀምራል። እነሱ በኦ እና በኬ ጻፉት። በ1840 የአሜሪካ ምርጫ ደግሞ የኪንደርሁክ ከተማ ተወላጁን ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረንን ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ» አሉት፤ አጠር ሲል ኦኬ። እሱ ተሸነፈ፣ ቃሏ ግን አገር አዳረሰች። ምርጫው አስፋፋት እንጂ አልወለዳትም። ይህን ከድሮ ጋዜጦች ለቅሞ በ1960ዎቹ ያሳተመው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው አለን ዎከር ሪድ ነው። እንዲህ ያለ ትዕግስት በጣም ነው የማከብረው።

«ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆኑት ከቾክቶዎች ቋንቋ ነው» የሚሉም አሉ። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ሳይቀር ይህን አምኖ አጻጻፏን ቀይሮ ነበር።

«ኦኬ ማለት እሺ ነው፣ አለቀ።»

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ምግቡ እንዴት ነበር?» ብላችሁት ፈረንጁ «ኦኬ ነው» ካለ፣ አልጣፈጠውም ማለት ይቀርባል። እኛ ፊታችንን ሳንፈታ «ምንም አይል» እንደምንለው። ስልክ ላይ ደግሞ «እየሰማሁ ነው» ወይም «በቃ ልዝጋ» ሊሆን ይችላል። የኛም «እሺ» እንዲሁ ናት፤ ወሬ መሀል «እሺ... ከዛስ?» እንላለን። መንዝ ያሉት አያቴ የሚሏት «በጄ» ግን ጠበቅ ያለች ናት። በጄ ያለ ተስማምቷል። በጄ አላለም ከተባለ፣ አልተስማማም።

ስለዚህ አንኮበር ላይ እንግዳ የምታስጎበኙ ልጆች፣ ዋጋ ነግራችሁት «ኦኬ» ቢላችሁ ወዲያው መንገድ አትጀምሩ። ሰማሁ ማለቱ ይሆናል። አንዴ ደግማችሁ ጠይቁት።