ፔኒ መዳብ ነው እንዴ? ስለ ሳንቲም ብረት የሚባለውና እውነታው

አሜሪካ ያለን ሐበሾች ቤት በፔኒ (በአንድ ሴንት ሳንቲም) የተሞላ ጠርሙስ አይጠፋም። የእኔም ወጥ ቤት አለ። እንግዳ ሲመጣ ስለ እሱ የሚነሳው ወሬ ግን አብዛኛው ስህተት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

«ፔኒ መዳብ ነው»

በመልክ ብቻ። መዳብ ሲወደድ በ1982 ተቀየረ። አሁን 97.5 በመቶው ዚንክ ነው፤ መዳቡ ላዩ ላይ የተለበጠ ስስ ሽፋን ነው። ጠርዙን ፋቅ ብታደርጉት ነጩ ብቅ ይላል።

«ኒክል የሚሉት አምስት ሴንት ኒኬል ከሚባለው ብረት የተሠራ ነው»

ስሙ ሸውዶን ነው። ሦስት አራተኛው መዳብ ነው።

«ርካሽ ብረት መተካት ነው፤ ምን ያስቸግራል?»

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። በ1943 መዳብ ለጦርነቱ ስለተፈለገ ፔኒ በዚንክ ከተለበጠ አረብ ብረት (ስቲል) ተሠራ። ነጭ ስለነበር ከዳይም (ከአሥር ሴንቱ) ጋር ተምታታ፤ ደግሞም ዛገ። በዓመቱ ተውት። በኋላ 1974 የሚል ዓመት የተጻፈበት የአሉሚኒየም ፔኒ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ታተመ። የመሸጫ ማሽን ነጋዴዎች ማሽናችንን ያበላሽብናል ብለው ጮኹ። ሐኪሞች ያነሱት ግን ለእኔ በጭራሽ የማይታሰብ ነበር፦ ሕፃን ቢውጠው በራጅ ለማየት ያስቸግራል። አብዛኛው ተመልሶ ቀለጠ።

ማሽን የሳንቲሙን መልክ አያይም። መጠኑን፣ ክብደቱን፣ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ነው የሚለካው። ብረቱ ከተቀየረ የልብስ ማጠቢያውም የመኪና ማቆሚያውም ማሽን አብሮ መስተካከል አለበት። እንግሊዝ በ2012 የአምስትና የአሥር ፔንስ ሳንቲሞቿን በኒኬል ወደተለበጠ አረብ ብረት ስትቀይር፣ ክብደታቸው እንዳይጎድል ብላ ወፈር አድርጋ ሠራቻቸው። ያም ሆኖ ማሽኖቹን ማስተካከል አልቀረም።

«ፔኒን የገደለው የዚንክ ዋጋ ነው»

በ2024 የበጀት ዓመት አንዱን ፔኒ ለመሥራት 3.69 ሴንት ወጥቷል። ውስጡ ያለው ብረት ግን አንድ ሴንት እንኳ አያወጣም። ቀሪው ማተሚያው፣ ደመወዙ፣ ማጓጓዣው ነው። ብረቱን በነፃ ቢያገኙትም ኪሳራው አይቀርም ነበር። ለገበያ የሚውለው ፔኒ በኅዳር 2025 ፊላደልፊያ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ታተመ። ጠርሙሳችሁ ውስጥ ያለው ግን ዛሬም ይገዛል።

«የድሮውን አቅልጦ መሸጥ ያዋጣል»

አንድ ጓደኛዬ ከ1982 በፊት ያሉትን መልቀም ጀምሮ ነበር። እውነት ነው፣ 95 በመቶ መዳብ ናቸው። ግን ፔኒና ኒክል ማቅለጥ ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ በሕግ ክልክል ነው። አሁን እሱም ጠርሙስ አለው።