የአንድ መጥበሻ ፓስታ ምንድን ነው?

ስሙ ትንሽ ያሳስታል። «የአንድ መጥበሻ ፓስታ» ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው የሚታጠበው ዕቃ ማነሱ ነው። ድስቱና ማጥለያው ቀርተው ራት በአንድ መጥበሻ ያልቃል። ይሄ እውነት ነው፤ ዋናው ነገር ግን እሱ አይደለም። ፓስታውን መጥበሻ ላይ ቀቅሎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ እዚያው ላይ ስጎ የጨመረ ሰውም በአንድ ዕቃ ሠርቷል፤ የአንድ መጥበሻ ፓስታ ግን አልሠራም። መለያው ውሃው አለመደፋቱ ነው። ደረቅ ፓስታ፣ ተለክቶ የገባ ውሃ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ዘይትና ጨው አንድ ላይ ይጣዳሉ። ፓስታው እየበሰለ ውሃውን ይጠጣል፤ የተረፈው ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ ወፍሮ ስጎ ይሆናል። ማጥለያ የማያስፈልገው የሚጠለል ነገር ስለሌለ ነው።

የተለመደውን አሠራር ጎን ለጎን ብናስቀምጠው ልዩነቱ ይጎላል። በጣሊያን ማዕድ ቤት የታወቀው ልክ ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውሃ፣ ለ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ጨው ነው። ለአራት ሰው 400 ግራም ፓስታ ለመቀቀል እንግዲህ 4 ሊትር ውሃ ይጣዳል። ፓስታው ከዚህ ውስጥ የሚጠጣው ከግማሽ ሊትር ብዙም አይዘልም። ከሦስት ሊትር በላይ የሚሆነው ውሃ፣ አብዛኛውን ጨውና ፓስታው ያራገፈውን ስታርች የሚባል ዱቄታማ ነገር ይዞ ወደ ፍሳሽ ይወርዳል። ያንን ሁሉ ውሃ ለማፍላት የጠፋው ጊዜም አብሮ ይሄዳል። ለውሃው 1.5 ኪሎ ዋት ሙቀት የሚያደርስ ምድጃ 4 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማፍላት 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ ለአንድ መጥበሻው የሚበቃው 1.2 ሊትር ከሆነ ግን አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ራት ቶሎ የሚደርሰው በዚህ ነው። ፓስታው ራሱ የሚበስልበት ጊዜ አላጠረም፤ እንዲያውም በወፈረ ስጎ ውስጥ ትንሽ ይዘገያል። ያጠረው ውሃ ጥዶ የመጠበቁ ጊዜ ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ ለምን ይጣድ ነበር? መልሱ ያለው ስታርቹ ላይ ነው። ደረቅ ፓስታ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ነው፤ ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ስታርች ሲሆን፣ የስታርቹን ቅንጣቶች አቅፎ የሚይዘው ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ነው። ሙቀቱ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ ቅንጣቶቹ ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ ከፓስታው ወለል ላይ ያሉት ይፈነዱና እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር ይለቃሉ። በብዙ ውሃ ውስጥ ይህ ሙጫ ቶሎ ይበተናል፣ ይቀጥናል። በጥቂት ውሃ ግን እዚያው ስለሚቀር ያላማሰሉት ፓስታ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ችቦ ይታሰራል። ብዙ ውሃ የማማሰል ሥራን የሚተካ ምቾት ነበር ማለት ነው። አንድ መጥበሻ ላይ ስንሠራ ያንን ምቾት እንተውና በምትኩ ማማሰያ እንይዛለን።

ያው ሙጫ ነው ኋላ ላይ ውለታ የሚመልሰው። ዘይትና ውሃ ብቻቸውን ቢሆኑ ይለያያሉ፤ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ሳህኑ ሥር ይጠራቀማል። ስታርች የገባበት ውሃ ግን ዘይቱን በጥቃቅን ጠብታ በትኖ ይይዘዋል፤ ስጎው ክሬም ሳይገባበት ክሬም የገባበት ይመስላል፣ ፓስታውንም ይለብሰዋል። ሙያውን የሚያውቁ ምግብ አብሳዮች በተለመደው መንገድ ሲሠሩም ፓስታው ከመጠለሉ በፊት አንድ ጭልፋ ውሃ የሚያስቀሩት ለዚሁ ነው። እዚህ ጭልፋው ቀርቶ ውሃው በሙሉ ይቀራል።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። ጣሊያኖች ፓስታን እንደ ሪዞቶ፣ ማለትም ፈሳሽ እየጨመሩ እንደሚያበስሉት ሩዝ፣ መጥበሻ ላይ የማብሰሉን ዘዴ «ሪዞታታ» ይሉታል። በደቡብ ጣሊያን፣ በፑልያ ክልል ዋና ከተማ ባሪ ደግሞ ጥሬ እስፓጌቲ መጥበሻ ላይ ተደርጎ የቲማቲም መረቅ ቀስ በቀስ እየተጨመረለት የሚበስል፣ ጠርዙ ሆን ተብሎ የሚያር ዝነኛ ምግብ አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የምግብ ሳይንስ ጸሐፊ ሃሮልድ ማጊ በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ባወጣው ጽሑፍ 450 ግራም ያህል ፓስታ ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር በሚደርስ፣ ያውም ከቀዝቃዛ በተነሳ ውሃ በደንብ እንደሚበስል አሳየ። ነገሩን በየቤቱ ያስገባው ግን በ2013 እ.ኤ.አ. በታዋቂዋ አሜሪካዊት የቤት አያያዝ ባለሙያ በማርታ ስቱዋርት መጽሔት የወጣው አሠራር ነው፤ እሱም የፑልያ ሐሳብ ነበር። ሊንጉዊኒ የሚባለው ረጅም ጠፍጣፋ ፓስታ፣ ትናንሽ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሲል የሚባለው ሽታ ያለው ቅጠል ከውሃ ጋር አንድ ላይ ተጥደው ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ይፈላሉ፤ በቃ።

አሁን ወደ ልኩ። የዚህ ምግብ ሙያ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ከእጅ ጋር ይመጣል። ለ400 ግራም ደረቅ ፓስታ ሰፊና ጎድጓዳ መጥበሻ ላይ፣ ሳይከደን፣ 1.2 ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል። ግማሽ ሊትሩን ፓስታው ይጠጣዋል፣ ብዙው ይተናል፣ የቀረው ስጎ ነው። ቁጥሩ ግን የተቀደሰ አይደለም። መጥበሻው በሰፋ ቁጥር ብዙ ይተናል፤ ጠባብና ጥልቅ ድስት ላይ ከሆነ ወይም ከተከደነ 900 ሚሊ ሊትር ሊበቃ ይችላል። የታሸገ ቲማቲም ከእነ ፈሳሹ ከገባ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይቀነሳል። የእኔ ልማድ በ1 ሊትር መጀመርና አጠገቤ የፈላ ውሃ ማስቀመጥ ነው፤ ሲያንስ መጨመር ይቻላል፣ ሲበዛ ግን ውሃው እስኪተን ስንጠብቅ ፓስታው ሙክክ ይላል። የሚጨመረው ውሃ ትኩስ ይሁን፤ ቀዝቃዛው መፍላቱን አቁሞ ፓስታውን ያለሰልሰዋል እንጂ አያበስለውም።

ጨው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በለመዱት ልክ 10 ግራም በሊትር ብለው ጨምረው አንድም ጠብታ ካልደፉ፣ ጨዉ በሙሉ ሳህን ላይ ይመጣል። ለ400 ግራም ፓስታ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ አይብ፣ ወይራ ወይም በጨው የተጠበቀ ዓሣ የሚገባበት ከሆነ ከዚያም ይቀነስና መጨረሻ ላይ ይቀመስ።

አሠራሩን በአንድ ትንፋሽ እንናገረው። ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ቲማቲሙ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይጨመርና ፓስታው በቁመቱ ይጋደምበታል። ውሃ ይደረግና በኃይለኛ እሳት ይጣዳል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ደቂቃዎች ዕረፍት የላቸውም፤ ፓስታው ለስለስ ብሎ እስኪታጠፍና እርስ በርሱ እስኪላቀቅ ከሥር እየገለበጡ ማማሰል ነው። ከዚያ በኋላ በየደቂቃው አንዴ መነካካት ይበቃል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ሲቃረብ አንዱን ፍሬ አውጥቶ መንከስ፤ መሃሉ ጥርስን ጥቂት ሲታገል፣ መጥበሻው ሥር ደግሞ ቀጭን ስጎ ገና ሲንቀሳቀስ ይወርዳል። ልብ ይበሉ፣ «ገና ሲንቀሳቀስ» ነው ያልኩት። ምድጃ ላይ ልክ የሆነ ስጎ ገበታ ላይ ሲደርስ ደረቅ ነው፤ ፓስታው ከወረደ በኋላም መጠጣቱን አይተውም።

ሽንኩርቱ አስቀድሞ ይቁላላ ወይስ ጥሬውን ይግባ? እኔ ጊዜ ባጣሁበት ምሽት እንኳ አምስት ደቂቃ ሰጥቼ በዘይት አቁላላዋለሁ። ሁሉም ጥሬውን ሲቀቀል ጣዕሙ ንጹሕ ነው፣ ግን የተቀቀለ ሽንኩርት ጣዕም ነው። የቲማቲም ድልህ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቢታሽ ጥሬነቱ ይጠፋለታል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ውሃው ከመጣ በኋላ መጥበሻው ላይ ያለው ነገር ከ100 ዲግሪ አያልፍም፤ ምንም አይቀላም፣ ምንም አይጠበስም። ስለዚህ መቅላት ያለበት ሁሉ ውሃ ከመግባቱ በፊት ይቅላ። የተፈጨ ሥጋም እዚሁ ቦታ ነው የሚገባው። የዶሮ ሥጋ ከሆነ በትንንሹ ተቆርጦ ቀድሞ ይጠበስና አብሮ ይብሰል፤ ውስጡ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት፣ የፓስታው መድረስ ለሥጋው መብሰል ምስክር አይሆንም።

በተቃራኒው መጨረሻ ላይ ብቻ የሚገቡ አሉ። የቀዘቀዘ አተር ሊወርድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ስፒናች ከእሳቱ ሲወርድ፤ የመጥበሻው ሙቀት ራሱ ያጠወልገዋል። የታሸገ ቱናም እንዲሁ ነው፣ ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ መሞቅ ብቻ ነው የሚጠብቀው። አይብ በጣም በሚፈላ ስጎ ላይ ከተበተነ ፕሮቲኑ ተኮማትሮ እንደ ማስቲካ ይጓጎላል፤ መጥበሻው ወርዶ አንድ ደቂቃ ካረፈ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ እየተነሰነሰ ቢማሰል ግን ቀልጦ ይዋሃዳል። ወተት ከቲማቲም ጋር አብሮ ሲፈላ የመቋጠር ጠባይ አለው። ክሬም ስቡ ብዙ ስለሆነ የተሻለ ይችላል፣ እሱም ቢሆን ኋላ ላይ ይግባ።

የፓስታው ዓይነት ምርጫ አለው። ሊንጉዊኒና እስፓጌቲ መጥበሻው በቁመታቸው ልክ ሰፊ ከሆነ ያምራሉ፤ ካልሆነ ወይ መስበር ነው (በዚህ የሚቆጡ እንዳሉ አውቃለሁ) ወይ መኮሮኒ መውሰድ። ልጆች ላሉበት ቤት መኮሮኒ ይሻላል፣ ለማማሰልም ለማንኪያም ይመቻል። ከሙሉ ስንዴ የተሠራ ፓስታ ረዘም ያለ ጊዜና ጥቂት ተጨማሪ ውሃ ይፈልጋል። ትኩስ የእንቁላል ፓስታ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ በቂው ስለሆነ ውሃው ወፍሮ ስጎ ከመሆኑ በፊት ፓስታው ይፈርሳል። ግሉተን የሌለው የሩዝ ወይም የበቆሎ ፓስታም ቅንጣቶቹን የሚይዝለት መረብ ስለሌለው ብዙ ስታርች ይለቅና መጥበሻውን ወደ ገንፎ ይወስደዋል። ሊሞከር ይችላል፤ እኔ ግን በድስት እቀቅለዋለሁ።

ከ500 ግራም በላይ ሲሆንም ወደ ድስቱ መመለስ ነው። መጥበሻው ሲጨናነቅ ከላይ ያለው ሳይበስል ከሥር ያለው ያራል፣ ስታርች የበዛበት ውሃም አረፋ አንስቶ ምድጃው ላይ ይገነፍላል። ከፍታ ባለው ስፍራ ለሚኖርም ሒሳቡ ትንሽ ይለያል፤ በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚወርድ ፓስታው ከማሸጊያው ደቂቃ አልፎ ይቆያል፣ ሲቆይ ደግሞ ብዙ ውሃ ይተናል። አጠገብ ያለው የፈላ ውሃ እዚህ ላይ ይፈለጋል።

ከተለመደው ጋር አንድ ነው ወይ ለሚል፣ አይደለም። በብዙ ውሃ የተቀቀለ ፓስታ ወለሉ የጸዳ ነው፣ እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ይቆማል። በአንድ መጥበሻ የበሰለው ለስለስ፣ ያዝ ያዝ ያደርጋል፤ ጣዕሙ ግን እስከ መሃሉ ድረስ ገብቷል፣ ምክንያቱም የጠጣው ውሃ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ውሃ ነው። ሰዓታት ተንተክትኮ የሚደርስ የሥጋ ስጎ ላለው ሰው ይህ ዘዴ ምንም አይጨምርለትም። ስጎ ለሌለው፣ ከሥራ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ብቻ ላለው ግን ስጎውን ከምንም ያመጣለታል።

የምትጠብቅ ራት ግን አይደለችም። አንዱ ቶሎ፣ አንዱ ዘግይቶ በሚገባበት ቤት፣ የዘገየው ድርሻ መጥበሻው ላይ ተከድኖ ሲቆይ ስጎውን ሁሉ ጠጥቶ አንድ ላይ ይረጋል። አንድ ጊዜ ለልጅ የቤት ሥራ ላግዝ ብዬ ሩብ ሰዓት ትቼው ስመለስ በቢላዋ ቆርጬ ነው ያቀረብኩት። ለዘገየ ሰው ድርሻው ቀድሞ ይነሳለት፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነም ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ሲመጣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ ተደርጎበት መጥበሻው ላይ በመካከለኛ እሳት ቢማሰል የረጋው ስታርች ይፈታና ስጎው ይመለሳል።