ለታላቁ ሩጫ እንግዳ ምን እናብላ? በየዓመቱ የምንሳሳታቸው

ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ሲደርስ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ያለው ሆቴል ቱታ በለበሰ እንግዳ ይሞላል። ሩጫው 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ይካሄዳል። እኔም እዚያው ሰፈር ወጥ ቤት ውስጥ ብዙ ዋዜማ አሳልፌአለሁ። ከታች ካሉት የተሳሳቱ አባባሎች አንዳንዶቹን ራሴም እናገራቸው ነበር።

«ነገ ስለሚሮጥ ማታ ክትፎ ይብላ፣ ጉልበት ይሆነዋል»

ክትፎ እወዳለሁ፤ ቀኑ ግን አይደለም። ሯጭ በዋናነት የሚያቃጥለው ከእንጀራ፣ ከፓስታ፣ ከድንች የሚያገኘውን ነው። ቅቤ የበዛበት ሥጋ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ጠዋት ከብዶት ይነሳል። ሦስት ሳህን ፓስታ የሚከምረውም ተሳስቷል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያወጣው 600 ካሎሪ ገደማ ነው። ደህና እራት ይበቃዋል።

«ጥሬ ሥጋ ላይ አረቄ ከጠጣህበት ኮሶ አይዝህም»

ይይዝሃል። አረቄውም አዋዜውም ሚጥሚጣውም ኮሶን አይገድሉም፤ የሚገድለው እሳት ነው። ለብለቡም መሀሉ ጥሬ ከሆነ ያው ጥሬ ነው።

«ሽሮ ከሆነ የጾም ነው»

እዚህ ላይ እኔው ጉድ ሆኛለሁ። አንድ ዓመት አንዲት እንግዳ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር በጭራሽ እንደማትበላ ነገረችን። ቅዳሜ ማታ ነበር። ሽሮ አዘዝኩላት። ተጋቢኖው እየተንተከተከ መጣ፣ ጠርዙ ላይ ቢጫ ቅቤ ተንሳፍፎ። ቀኑ የፍስክ ነው፤ ወጥ ሠሪያችን ደግሞ ለእንግዳ ሽሮ ያለቅቤ ማቅረብ ነውር ይመስላቸዋል። እንግዳዋ ሳህኑን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ «ሽሮ፣ የጾም፣ በዘይት» ብዬ ነው የማዘው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ነገሩ ይቀላል፤ ያኔም ቢሆን ዓሣ የጾም ምግብ ዝርዝር ላይ የሚያወጣ ቤት ብዙ ነው።

«እንጀራ ግሉተን የለውም»

ጤፍ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም። እንጀራው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ፣ ማሽላ፣ ገብስ፣ ስንዴ ይገባበታል። ሩዝና ማሽላ ግሉተን የላቸውም፤ ገብስና ስንዴ ግን ሴሊያክ (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ያለበትን ሰው ያሳምማሉ። እንጀራ የሚያቀርቡልንን እናት «ንጹህ ጤፍ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው። «እትዬ፣ ምን ምን ገባበት?» በሏቸው።

«የፓስታው ፓኬት 9 ደቂቃ ካለ 9 ደቂቃ ነው»

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ፓስታውም ሩዙም ተጨማሪ ደቂቃ ይፈልጋል። ከቆላ የመጣ ሼፍ ጋዙን ያማርራል፣ እሳቱንም ይጨምራል። ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። አንዷን ፓስታ አውጥቶ ነከስ ማድረግ ከሰዓት ይሻላል።

«ቡና ሰውነትን ያደርቃል፣ ለሯጭ አይሰጥም»

ለለመደው አንድ ሲኒ ምንም አያደርገውም፤ ካፌይን እንዲያውም ለሩጫ ያግዛል። ጠጥቶ የማያውቅ እንግዳ ግን የሩጫው ዕለት ጠዋት አይጀምር። ገና መስቀል አደባባይ ሳይደርስ ሆዱ ቀድሞት ሊሮጥ ይችላል።