አማራጭ ትምህርት ቤት ምንድን ነው? ቁጥሩስ እንዴት ይነበባል?

አሜሪካ ውስጥ ሰው ስለ አንድ ሀይስኩል ሲጠይቅ ቶሎ የሚያገኘው መልስ አንድ ቁጥር ነው፦ ከተማሪዎቹ ስንቱ በአራት ዓመት ተመረቀ? በ2019–20 (በፈረንጆቹ) የአገሪቱ አማካይ 87 በመቶ ነበር። አማራጭ ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ ከዚህ በጣም ዝቅ ይላሉ። ይህን ያየ ወላጅ «ልጄን እዚህማ አላስገባም» ቢል አይፈረድበትም። ግን ያ ቁጥር በዋናነት የሚነግረን ልጆቹ ሲገቡ የት እንደነበሩ ነው። ትምህርት ቤቱ ምን እንዳደረገላቸው ብዙም አይናገርም።

አማራጭ ትምህርት ቤት መደበኛው ሀይስኩል ላልሆነላቸው ልጆች የተከፈተ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ክፍያ የለውም። አሠራሩ ከከተማ ከተማ ይለያያል። አንዳንድ ቦታ በዲሲፕሊን የተባረረ ልጅ የሚላክበት ነው፤ ሌላ ቦታ ልጁ ራሱ ፈልጎ የሚገባበት ነው። የማወራው ስለ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ፊላደልፊያ በ1969 በጀመረችው የፓርክዌይ ፕሮግራም ተማሪዎች በከተማዋ ሙዚየሞችና መሥሪያ ቤቶች እየተዘዋወሩ ይማሩ ነበር። ኒው ዮርክ ደግሞ በ1972 ሲቲ አዝ ስኩል የተባለ አማራጭ ትምህርት ቤት ከፈተች።

ዛሬ ኒው ዮርክ እነዚህን ትምህርት ቤቶች «ትራንስፈር ስኩል» ትላቸዋለች። የሚቀበሉት ከ16 እስከ 21 ዓመት ያሉ፣ በክሬዲት (አንድን ኮርስ ሲያልፉ በሚያዝ ነጥብ) ወደ ኋላ የቀሩ ወይም ትምህርት ያቋረጡ ልጆችን ነው። በከተማዋ ለመመረቅ 44 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በዓመት 11 ያህል ማለት ነው። እዚህ በር ላይ የሚደርስ የ17 ዓመት ልጅ ግን 10 ብቻ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

እነማን ናቸው? አብዛኞቹ ጥቁርና ላቲኖ፣ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ናቸው። መጠለያ ውስጥ የሚኖር አለ። ቤተሰብ ለመርዳት ማታ ማታ የሚሠራ አለ። ታምሞ ወራት ያመለጡት፣ እንግሊዝኛ ገና ያልያዘ አዲስ መጤም አለ። የወለዱ ተማሪዎችም አሉ፤ ኒው ዮርክ ለእነሱ ላይፍ የሚባል ፕሮግራም አላት፤ እናት ስትማር ልጇ ይጠበቅላታል። ይህ እንዲሁ በጎ አድራጎት አይደለም። ልጅ የሚይዝላት ያጣች ወጣት ክፍል ልትገባ አትችልም።

አሁን ወደ ስሌቱ። በፌዴራሉ ደንብ የአራት ዓመቱ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ልጁ መጀመሪያ ዘጠነኛ ክፍል በገባበት ዓመት ነው። ትምህርት ቤት ቢቀይርም ሰዓቱ እንደገና አይጀምርም። ሌላ ቦታ ሦስት ዓመት ያባከነ ልጅ ወደ አማራጭ ትምህርት ቤት ገባ እንበል። በርትቶ በሁለት ዓመት ጨረሰ። ዲፕሎማውን በአምስተኛው ዓመት ስላገኘ በአራት ዓመቱ ስሌት «ያልተመረቀ» ነው። የተመዘገበውም በአዲሱ ትምህርት ቤት ላይ ነው፤ ከቀድሞው ስሌት ወጥቷል። ሦስት ዓመት ሲወድቅ ያየው ትምህርት ቤት ነጻ ወጣ፤ ያነሣው ትምህርት ቤት ተከሰሰ። ይህ ፍትሐዊ ነው አልልም። በ2015 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ከተማሪዎቹ አንድ ሦስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ያላስመረቀን ሀይስኩል «ልዩ ድጋፍ የሚሻ» ብሎ ይመድበዋል።

ኒው ዮርክ ትራንስፈር ስኩሎችን ስትገመግም የስድስት ዓመት ምረቃን ታያለች፤ ልጁ በፊት ከነበረው ይልቅ ትምህርት ቤት መምጣት መጀመሩንም ትመለከታለች። ይሄ ይሻላል። ከትምህርት ቀናት አንድ አሥረኛውን፣ ማለትም ከ180 ቀን 18ቱን የቀረ ልጅ «ሥር የሰደደ ቀሪ» ይባላል። ዓመቱን ግማሽ ይቀር የነበረ ልጅ ወደ 30 ቀን ቢወርድ መዝገቡ ላይ አሁንም ቀሪ ነው። ሕይወቱ ግን ተቀይሯል።

ይህ ማለት አማራጭ የተባለ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ልጁን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ ክሬዲት የሚያድልም አለ። ስለዚህ ጥያቄው መጥበብ አለበት፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ለእኛም ቅርብ ጉዳይ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ በ17 እና 18 ዓመታቸው ከኢትዮጵያ የሚመጡ ልጆች አሉ። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ይዘው ከመጡ ክሬዲት ሊያዝላቸው ይችላል፤ ካልያዙ ከዘጠነኛ ሊጀምሩ ነው። ስለዚህ ከአገር ከመውጣት በፊት ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማውጣት ግድ ነው። «ዕድሜህ ገፍቷል፣ ጂኢዲ ውሰድ» ቢባልም ቶሎ እሺ አትበሉ፤ ጂኢዲ ሀይስኩል ያልጨረሰ ሰው የሚወስደው ፈተና ነው፤ ከመደበኛው የሀይስኩል ዲፕሎማ ጋር አንድ አይደለም። ዲሲ ውስጥ «ባሉ ስቴይ» (Ballou STAY) እና «ሉክ ሲ ሙር» የመሳሰሉ አማራጭ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት ለእንዲህ ዓይነት ተማሪዎች ጭምር ነው። በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግም አማርኛን ይሸፍናል፤ አስተርጓሚ በነጻ ጠይቁ።

ትምህርት ቤት ስትሄዱ ካውንስለሩን ይህን ጠይቁት፦ የእኔን ልጅ ያህል ክሬዲት ይዘው ከገቡት ውስጥ ስንቱ ተመረቀ? በስንት ዓመት?