ቻርልስተን፦ የድሮ ቤቶቿና በግድግዳቸው ላይ ያሉት ሰሌዳዎች

ቻርልስተን በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በአሽሊና በኩፐር ወንዞች መካከል የተኛች የወደብ ከተማ ናት። እንግሊዞች የቆረቆሯት በ1670 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ10 ዓመት በኋላ አሁን ወዳለችበት ቦታ ተዛወረች። የዛሬ ስሟን የያዘችው በ1783 ነው። በማኅተሟ ላይ «ሕንፃዎቿን፣ ልማዷንና ሕጓን ትጠብቃለች» የሚል የላቲን ጽሑፍ አለ። ቃሏን በደንብ ጠብቃለች ማለት ይቻላል፣ በተለይ ስለ ሕንፃዎቹ።

የከተማዋ መለያ ስፋቱ አንድ ክፍል ብቻ የሆነ ቤት ነው። ጠባቡ ጎኑ ወደ መንገድ ይዞራል፣ ረጅሙ ወደ ግቢው ይዘልቃል። በረጅሙ ጎን በየፎቁ በረንዳ አለው። ከመንገድ ላይ የምናየው በር ቀጥታ ወደ ሳሎን አያስገባም፤ መጀመሪያ የሚወስደን ወደ በረንዳው ነው። ቤቶቹ የጠበቡት ግብር የሚከፈለው በመንገድ ፊት ስፋት ስለነበር ነው የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። አጥኚዎች ግን አይቀበሉትም። የቻርልስተንን ወበቅ ለቀመሰ ሰው፣ ከባሕር የሚመጣውን ነፋስ ለመያዝ ነው የሚለው ይበልጥ ያሳምናል።

በከተማዋ ከቀሩት አብያተ ክርስቲያናት ሕንፃዎች ሁሉ የሚቀድመው ቅዱስ ሚካኤል ነው። ግንባታው በ1752 ተጀምሮ በ1761 አለቀ። የደወሎቹ ታሪክ ለብቻው ይገርማል። በ1764 ከእንግሊዝ መጡ። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ በወጣችበት አብዮት ማብቂያ እንግሊዞች ከተማዋን ሲለቁ ይዘዋቸው ሄዱ፣ በኋላም ተመለሱ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለደኅንነት ሲባል ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ ኮሎምቢያ ተላኩ፤ እዚያ ግን እሳት በላቸው። ስብርባሪው ለንደን ተወስዶ እንደገና ቀለጠና ደወል ሆኖ ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ አትላንቲክን አምስት ጊዜ አቋርጠው ነበር ማለት ነው።

ኦገስት 31 ቀን 1886 ማታ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን መታ። ወደ 60 ሰው ሞተ፣ አብዛኛው የሸክላ ቤት ተሰነጠቀ። ባለቤቶቹ ረጃጅም የብረት ዘንጎች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አሳልፈው በብሎን አጠበቁ። የዘንጎቹ ጫፍ ዛሬም ከውጭ ይታያል፤ አንዳንዱ ክብ፣ አንዳንዱ ኮከብ፣ አንዳንዱ የአንበሳ ራስ ነው።

የጥበቃው ታሪክ ሰፋ አድርጎ መነገር አለበት። በ1920 ሱዛን ፕሪንግል ፍሮስት የምትባል ሴት ሰዎችን አሰባስባ የድሮ መኖሪያ ቤቶች ጥበቃ ማኅበርን አቋቋመች። መነሻው በ1803 የተሠራው የጆሴፍ ማኒጎልት ቤት ሊፈርስ መሆኑ ነበር። ቤቱ ተረፈ፣ የአትክልት ቦታው ላይ ግን ቤንዚን ማደያ ተሠራ። ሄይዋርድ ዋሽንግተን የሚባለውን ቤት ደግሞ የከተማዋ ሙዚየም በ1929 ገዛው። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1791 ለጉብኝት ሲመጣ ያረፈበት ቤት ነው። በ1931 ከተማዋ አንድን ሰፈር በሙሉ በሕግ የሚጠብቅ ደንብ አወጣች፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። ማኅበሩ ከ1953 ጀምሮ ቤታቸውን በሚገባ ላደሱ ባለቤቶች ካሮሎፖሊስ የሚባል ሰሌዳ ይሰጣል። ትርጉሙ በላቲን «የቻርልስ ከተማ» ነው። እስካሁን ከ1 ሺህ በላይ ቤቶች አግኝተውታል። በእግር ለሚዞር ሰው ከዚህ የተሻለ መሪ የለም።

ሰሌዳዎቹ ግን ለረጅም ጊዜ የሚያነሱት ባለቤቱን እንጂ ገንቢውን አልነበረም። ጡቡን የጠፈጠፉት፣ ግድግዳውን ያቆሙት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። በአንዳንድ ጡብ ላይ የጣታቸው አሻራ፣ የሕፃናትም ጭምር፣ እስካሁን አለ። ወደ ሰሜን አሜሪካ ከመጡት ባሪያዎች 40 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ወደብ ገቡ ይባላል፤ ቁጥሩ ያከራክራል፣ ትልቁ በር ቻርልስተን መሆኗ ግን አያከራክርም። በቻልመርስ መንገድ ያለው፣ በ1859 ሰው በሐራጅ ይሸጥበት የነበረው ሕንፃ አሁን ሙዚየም ነው።

በቡል መንገድ ቁጥር 56 ያለው ቤት በ1976 የዴንማርክ ቬሲ ቤት ተብሎ ብሔራዊ ቅርስ ሆነ። ዴንማርክ ቬሲ (ዴንማርክ የራሱ ስም ነው) በሎተሪ ብር ነፃነቱን የገዛ አናጢ ነበር። አመፅ አሲረሃል ተብሎ በ1822 ተሰቀለ። ቤቱ የተሠራው ከሞቱ በኋላ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አጥኚዎች አሉ። ሆኖም ስሙ በሕዝብ ፊት መቆሙ ተገቢ ነው። አባል የነበረበት የጥቁሮች ጉባኤ የዛሬው ኢማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ሕንፃው ከ1891 ነው። በጁን 2015 ዘጠኝ ምእመናን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ እያሉ በዘረኛ ጥይት የተገደሉት እዚያ ነው።

መርከቦቹ ሰዎቹን ያራግፉበት ከነበሩት ቦታዎች አንዱ ጋድስደን የተባለው መትከያ ነበር። በ2023 እዚያው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም ተከፈተ። ሕንፃው በ18 ምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ የቆመ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት ለመታሰቢያ ክፍት ተትቷል፤ ማንም መጥቶ ይቆምበታል።