ብርማ ቅጠል ምንድን ነው?

«ቅጠሉ ብርማ ከሆነ ፀሐይ ላይ ትከሉት፣ ውሃ አታብዙበት።» ይህን ምክር ስንት ጊዜ ሰማሁ! አንዲት ወዳጄ አምና ብሩኔራ የሚባለውን ቅጠለ ብርማ ተክሏን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ተከለች። ቅጠሉ ዳር ዳሩን ተቃጥሎ ቡናማ ሆነ። መካሪዋ «ታገሺው፣ ይለምዳል» አላት። አይለምድም።

ብርማ ማለት ቀለም አይደለም። ከብሩ በታች ያለው ቅጠል እንደ ማንኛውም ቅጠል አረንጓዴ ነው። የምናየው ተመልሶ የሚመጣ ብርሃን ነው። ብርሃኑን የሚመልሰው ነገር ግን ከተክል ተክል ይለያያል፤ ጥፋቱ ሁሉ የሚመጣው ይህን ካለመለየት ነው።

የበግ ጆሮ የሚባለውን ስታኪስ ተመልከቱ። ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ፀጉር ሸፍኖታል። ሹራብ ለብሷል በሉት። ሹራቡ ሲደርቅ ፀሐዩን ይመልሳል፣ ነፋሱም እርጥበቱን እንዳይወስድበት ይከላከላል። ሲርስ ግን ቶሎ አይደርቅም። እርጥብ ሹራብ ለብሶ ማደር ምን እንደሆነ አስቡት፤ ቅጠሉም ከግርጌው ይበሰብሳል። ስለዚህ ውሃውን ሥሩ ላይ ብቻ አፍስሱ፤ አፈሩም ውሃ የማይቋጥር ይሁን። አርጤሚስያ የሚባለው ፀጉራም ተክልም እንደዚሁ ነው። ሹራብ ለባሾቹን ጥላ ውስጥ ከተከላችኋቸው አዲሱ ቅጠል ፀጉሩ ሳስቶ፣ አረንጓዴ እየመሰለ ይወጣል። በሽታ አይደለም።

ፌስቲዩካ የሚባለው ሰማያዊ መሳይ ሣር ደግሞ የዝናብ ልብስ ነው የለበሰው፤ ስስ ሰም። በጣት ሲታሽ ይለቃል። አቧራ መስሏቸው በጨርቅ የሚወለውሉት አሉ፤ እባካችሁ ተዉት።

ብሩኔራ ግን ምንም አልለበሰም። ብሩ ያለው ከቆዳው ሥር ነው። በላይኛው ስስ ሽፋንና በአረንጓዴው ሥጋ መካከል አየር አለ፤ ብርሃኑን የሚመልሰው እሱ ነው። ፑልሞናሪያ የሚባለው ባለ ነጠብጣብ ተክልም እንዲሁ። እርግጥ ሻካራ ፀጉር አለው፤ ብርማ ነጠብጣቡን የሰጠው ግን ያ ፀጉር አይደለም። ሁለቱም የሚወዱት ጥላና እርጥብ አፈር ነው።

ለመለየት ውሃ ጠብ አድርጉበት። ሰም ከሆነ ውሃው ተድቦልቡሎ ይንከባለላል። ፀጉራሙም መጀመሪያ ላይ ውሃ ሊገፋ ይችላል፣ ስለዚህ በእርጥብ ጣት እሹት፤ ያኔ ፀጉሩ ይተኛና አረንጓዴው ብቅ ይላል። ታሽቶም ርሶም ብሩ ንቅንቅ ካላለ ጥላ ፈልጉለት።

ወዳጄ ብሩኔራዋን ወደ ጥላ አዛውራዋለች። የተቃጠለው ቅጠል አያገግምም፣ ቆርጣ ጥላዋለች። ከመሃል የሚወጣው ግን ዳሩ ንጹሕ ነው።