«እጄን ብርድ መታኝ» እና ሌሎች ስለ እጅ መደንዘዝ የምንሰማቸው ስህተቶች

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አክስቴ ከእንቅልፏ ትባንናለች። ቀኝ እጇን ከአልጋው ዳር ቁልቁል ታንጠለጥልና ውኃ እንደነካው ሰው ደጋግማ ታራግፈዋለች። አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷና የመሀል ጣቷ ደንዝዘው ይጠዘጥዟታል። ወሩ ኅዳር፣ ከተማው ጎንደር ነውና ምክንያቱ ወዲያው ተገኘ፤ «ብርድ መታኝ» አለች። ጎረቤቱም ተስማማ። እጇን በነጠላ ጠቅልላ መተኛት ጀመረች፤ ጠብ ያለላት ነገር ግን የለም።

ቀለል የሚላት እጇን ስታራግፈው ነው፤ ብርድ ቢሆን ኖሮ በማራገፍ ባልተሻላት ነበር። የእጅ አንጓ ውስጥ፣ በመዳፍ በኩል፣ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከታች ትንንሽ አጥንቶች፣ ከላይ ጠንካራ የጅማት መቀነት ይከቡታል። በዚህ መተላለፊያ ጣቶችን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶች ያልፋሉ፤ ከእነርሱ ጋር ደግሞ ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ተጨናንቆ ያልፋል። ውስጡ ሲያብጥ አጥንቱም መቀነቱም ቦታ ስለማይለቁ ነርቩ ይጨመቃል። ሐኪሞች ካርፓል ተነል ሲንድረም የሚሉት ይህን ነው። ሌሊት የሚብሰው አብዛኞቻችን አንጓችንን አጥፈን ስለምንተኛ ነው፤ የታጠፈ አንጓ መተላለፊያውን የባሰ ያጠብበዋል። ብርድ ሕመሙን ሊያጎላው ይችል ይሆናል እንጂ ነርቩን አይጨምቀውም።

«ደሜ አልዘዋወር ብሎ ነው» የሚለውንም ጣቶቹ ራሳቸው ያፈርሱታል። ሚዲያን ነርቭ የሚያገለግለው አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ የመሀል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ነው። ትንሿ ጣት የሌላ ነርቭ ናት። አክስቴን «ትንሿ ጣትሽስ?» ስላት ቆንጠጥ አድርጋ ሞከረቻትና «ይህችስ ደህና ናት» አለች። ደም ቢሆን ኖሮ ጣት አይመርጥም ነበር። የሚደነዝዘው ትንሿ ጣት ብቻ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ክርን አካባቢ ነው፤ ሁለቱም እግሮች አብረው ከደነዘዙ ደግሞ ስኳር መመርመር ያስፈልጋል። የአንድ ወገን እጅ በድንገት ዝሎ ፊት ከተጣመመ ወይም አንደበት ከተያዘ ግን ይህን ጽሑፍ ማንበብ ትታችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ፤ ያ የስትሮክ ምልክት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ምክር ወጌሻ ነበር፤ በቅቤ ታሽቶ «ይመለሳል» ተባለ። ምኑ ነው የሚመለሰው? የወለቀ ነገር የለም። የተጨመቀ ነርቭን ደግሞ በአውራ ጣት መደቆስ ሊያብሰው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን በኖረች ከተማ ይህ ምክር ዛሬም ከሁሉ ቀድሞ መምጣቱ ያናድደኛል።

«የኮምፒውተር ሰዎች በሽታ ነው» የሚሉም አሉ። አክስቴ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም፤ ጥጥ ፈታይ ናት። ኮምፒውተር መጻፍ በሽታውን ስለማምጣቱ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። ኃይል የሚጠይቅ ተደጋጋሚ የእጅ ሥራና የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ መያዝ ይበልጥ ይጠረጠራሉ። ሥራ ብቻም አይደለም፦ እርግዝና፣ የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የመገጣጠሚያ ቁጣና ከልክ ያለፈ ውፍረት ያጋልጣሉ። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። የነፍሰ ጡሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይለቃቸዋል።

መርፌና ክኒን ያድነዋል የሚለው እምነት በከፊል እውነት ስላለው ያሳስታል። የተለመዱት የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች ለዚህ በሽታ እምብዛም አይረዱም። ቫይታሚን ቢ 6 እንደሚፈውስ አልተረጋገጠም፤ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እንዲያውም ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ሐኪም አንጓው ላይ የሚወጋው የስቴሮይድ መርፌ ለሳምንታት ወይም ለወራት ሊያስታግስ ይችላል፤ ሕመሙ ግን ሊመለስ ይችላል። መጀመሪያ የሚሞከረው ከሁሉ ቀላሉ ነው፦ አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ፣ በየሌሊቱ፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት። አክስቴ ማሰሪያውን ስታየው «እንደ ተሰበረ ሰው?» ብላ አኩርፋ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ግን «ቀዶ ጥገና እጅ ያሽመደምዳል» የሚለው ነው፤ ሰው ፈርቶ የሚዘገየው በእርሱ ነውና። ቀዶ ጥገናው የሚቆርጠው ነርቩን ሳይሆን የሚጫነውን መቀነት ነው። ብዙውን ጊዜ እጅ ብቻ ደንዝዞ ይሠራና ታካሚው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። እንደማንኛውም ቀዶ ጥገና አደጋ የለውም አይባልም፤ መዳፉ ለሳምንታት ያማል፣ የጭብጥ ኃይል ለመመለስም ወራት ሊወስድ ይችላል። እጅን በእርግጥ የሚያሽመደምደው መዘግየት ነው፦ ለረጅም ጊዜ የተጨመቀ ነርቭ በአውራ ጣት ሥር ያለውን ሥጋ ያከሳዋል፤ የከሳው ሥጋ ደግሞ ከቀዶ ጥገና በኋላም ላይመለስ ይችላል። ሁለት መዳፎቻችሁን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ያን ቦታ አስተያዩት። አንዱ ጎድጎድ ካለ፣ ወይም ቁልፍ መቆለፍና ሲኒ መያዝ ካቃታችሁ፣ ማሰሪያ እየሞከራችሁ አትቆዩ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የአክስቴ አልጎደጎደም። ሐኪሙ የሁለት እጆቿን ጀርባ አገናኝታ አንጓዋን ወደታች አጥፋ እንድትቆይ አደረጋት፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቿ ደነዘዙ። ያኮረፈችበት ማሰሪያ አሁን ቀን ቀን እንዝርቷ ከሚሰቀልበት ምስማር ላይ ይውላል።